እናቴ ለምን ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጠች?

የሽምብጥ ልጅ፣ ግንቦት 4፣ ማታ 2፡20

ጥያቄዬ የፍልስፍና ይሁን የቤተሰብ ለይቼ አላውቅም። ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው፤ ስለ ሕንፃ የተማርኩት ነገር የለም። ግን ከጥር ወር ጀምሮ በየቀኑ የማየው አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እናቴን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ቤታችን አውጥቼ እኔ ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም አመጣኋት። አሮጌው ቤት የጭቃ ነው። አባቴ ጎጆ ሲወጣ ያቆመው፣ በየጊዜው የተለሰነ፣ አንዱ ግድግዳው ወደ ጓሮ ያዘነበለ ቤት ነው። ጣሪያው በሐምሌ ሦስት ቦታ ያፈሳል። ከየትኛው ቀዳዳ ሥር የትኛው ሳፋ እንደሚቀመጥ ልጆች ሆነን በቃላችን እናውቅ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ሌሊት ብትታመም ማን ይደርስላታል ብዬ ነው ያመጣኋት።

አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ ክፍል አለው፣ ውሃው ቤት ውስጥ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ደረጃውን እናቴ ከእኔ ቀድማ ትወጣዋለች፤ ችግሩ እሱ አይደለም። የሳሎኑ መስኮት ወደ ጣና ይመለከታል። ሰማዩ ሲጠራ የዘጌ ጫካ በውሃው ጫፍ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ቤቱን የተከራየሁት ለዚህ መስኮት ብዬ ነው፤ ከኮሪደሩ ማዶ ካሉት ቤቶች የበለጠ የምከፍለውም ለእሱ ነው።

እናቴ ግን ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን ታነሣና ከመግቢያው በር ሥር ታኖረዋለች። በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ፣ ጀርባዋን ወደ ሐይቁ አድርጋ ጥጥ ትፈትላለች። ኮሪደሩ ላይ ያለው ግራጫ ግድግዳ፣ የመብራት ቆጣሪዎችና ደረጃው ነው።

«እማዬ፣ ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«ደጁን።»

«ይህ እኮ ደጅ አይደለም፣ ኮሪደር ነው።»

«ደጅ ከሌለው በር ለምን አወጡለት?»

የምሯን ነው የጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለስፋቱ፣ ለውሃው፣ ለጣሪያው፣ ለኪራዩ ቁጥር አለኝ፤ በሁሉም አዲሱ ቤት ይበልጣል። እሷ ያጣችው ነገር በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘገብ ግን አላውቅም። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ቤትና ስለ ቦታ የሚያስቡ ሰዎች አይጠፉም ብዬ ነው የጻፍኩት።


ንድፍ አስተማሪ፣ ግንቦት 4፣ ማታ 4፡05

እህቴ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። የእናትሽን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በመጀመሪያው ዓመት ለተማሪዎቼ ለማስረዳት የምደክምበት ነገር ቦታን በሁለት መንገድ እንደምናውቀው ነው። አንዱ በሜትር የሚለካው ነው። በእሱ ውስጥ አንዱ ነጥብ ከሌላው አይበልጥም፤ ፊትና ጀርባ፣ ቅርብና ሩቅ የሚባል ስሜት የለውም። ሌላው ሰው የሚኖርበት ቦታ ነው። እዚያ ጓዳና ሳሎን እኩል አይደሉም፤ አሥር እርምጃ የሚርቅ ጎረቤት ከአጎት ልጅ ሊቀርብ ይችላል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኦቶ ፍሪድሪሽ ቦልኖ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ሥራው ይህንን ልዩነት በሰፊው መርምሮታል። አንቺ የያዝሽው መዝገብ የመጀመሪያውን ቦታ ይመዘግባል። እናትሽ የሚናገሩት ስለ ሁለተኛው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ቃሉ ነው። በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ነው። ውጭ የማንም ነው። ደጅ ከሁለቱም ይለያል፤ ከቤቱ ወጥቶ ገና ከቤቱ ያልተለየ ቦታ ነው። ደጅ መጥናት ስንል በር ማንኳኳት ማለታችን አይደለም፤ ባለቤቱ እስኪያየን ድረስ እዚያ መቆየት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ደጀ ሰላም ይባላል። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ እንኳ ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። ቋንቋችን ይህን ያህል ያከበረውን ቦታ እኛ ነዳፊዎች በፕላን ላይ «መተላለፊያ» ብለን እንጽፈዋለን። ስፋቱን የምንወስነው ሁለት ሰዎች ሳይጋጩ እንዲተላለፉ አስበን ነው። ቆሞ ለሚያወራ ሰው አስቤ ኮሪደር ነድፌ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1951 ዳርምሽታት በምትባል የጀርመን ከተማ ለተሰበሰቡ አርክቴክቶች ንግግር አድርጎ ነበር። ጦርነቱ ከተሞቹን አፍርሶ ብዙ ሕዝብ መጠለያ ያጣበት ጊዜ ነበር። እሱ ግን የቤት እጥረቱ ከባድ ቢሆንም ከእሱ የሚቀድም ችግር አለ፣ ሰው መኖርን ራሱን መማር አለበት አላቸው። መሥራት ከመኖር ይመነጫል እንጂ መኖር ከመሥራት አይመነጭም የሚል ሐሳብ ነው። የሚገርመኝ ነገር የባሕር ዳርን ዋና ፕላን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዘጋጁት ማክስ ጉተር በዚያችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር መሆናቸው ነው። ዛሬ በዘንባባ ጥላ ሥር የምንሄድባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ከዚያ ዘመን አስተሳሰብ የመጡ ናቸው። ጎዳናው አምሮልናል። ደጁን ማን ይንደፈው የሚለው ጥያቄ ግን ለእኛ የተተወ ይመስለኛል።


ጭቃና ድንጋይ፣ ግንቦት 5፣ ጠዋት 1፡10

ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ከ40 ዓመት በላይ ግንበኛ ነኝ። የጭቃም፣ የድንጋይም፣ የብሎኬትም ቤት ሠርቻለሁ፤ ኮንዶሚኒየም ሲሠራም ኮንክሪት ሞልቻለሁ። ስለዚህ ለአንዱ ወገን አልቆምም።

ድሮ ገጠር ቤት ልንሠራ ስንሄድ መጀመሪያ የምናነጋግረው እማወራዋን ነበር። ምድጃሽ የት ይሁን? ጭሱ በየት ይውጣ? ከምድጃው ሥር ሆነሽ ደጁን ማየት ትፈልጊያለሽ? አንዷም «እንደፈለጋችሁ» ብላን አታውቅም። ከዚያ መካከሉ ላይ ችካል እንተክልና በገመድ ክብ እናወጣለን። የምንለካው በክንድና በስንዝር ነው። ክንዱም የባለቤቱ ነው፤ እኔ አጭር ሰው ስለሆንኩ በእኔ ክንድ ቢለካ ሰውየው ጠባብ ቤት ይወጣለት ነበር። በሩ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል የሚወሰነው እሱን በሩ ላይ አቁመን ነው።

ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይከርማል። ካልሸተተ አልደረሰም። የሚረገጠው በእግር ነው፤ በደቦ ስለሆነ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ይረግጠዋል። በእናትሽ ግድግዳ ውስጥ የስንት ሰው እግር እንዳለ አስቢው።

ነገር ግን ጭቃን አታምልኩት። ምስጥ ማገሩን በልቶ የጨረሰው ቤት በሌሊት ሲወድቅ አይቻለሁ። ክረምት በወጣ ቁጥር ልስን ይፈልጋል፤ የምትለስነው ደግሞ ሴቷ ናት፣ እበቱን የምታመጣውም እሷ ናት። ኮንክሪት ጥሩ ነገር ነው። የጎደለው ጥያቄው ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ወለል ስሞላ እዚያ ማን እንደሚኖር አላውቅም ነበር፤ ምድጃዋ የት ይሁን ብዬ የምጠይቃት ሴት አልነበረችም።


ሦስተኛ ፎቅ፣ ግንቦት 5፣ ቀን 6፡40

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህን ክር ሳነብ ደረቴ ተጨነቀ።

እኔ ያደግሁት እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ እንተኛ ነበር። በዝናብ ሌሊት መጸዳጃ ለመሄድ ታናሽ እህቴን ቀስቅሼ፣ ፋኖስ ይዤ፣ ግቢውን በጭቃ አቋርጬ ነው። እናንተ የምታሞግሱት ደጅ ደግሞ ለእኔ የዓይን መአት ነበር። ስንት ሰዓት እንደወጣሁ፣ ከማን ጋር እንደተመለስኩ፣ ቀሚሴ እስከ የት እንደሚደርስ የሚመዘግቡ ጎረቤቶች መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። አባቴ ቤት ሆኖ የማያውቀውን ደጁ ያውቀዋል።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ቁልፍ አዙሬ ብቻዬን የተቀመጥኩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ምንም አልሠራሁም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም አልጠራኝም። ቤት ማለት ለእኔ ያ ዝምታ ነው።

ፈላስፋው ሰው መኖርን ይማር ማለቱ እሱ ቤት ስላለው ነው። እናቴ ውሃ ከቦኖ ስትቀዳ መኖርን ሳትማር ቀርታ አይደለም።


የሽምብጥ ልጅ፣ ግንቦት 5፣ ማታ 1፡30

እህቴ ሦስተኛ ፎቅ፣ እውነትሽን ነው። የፋኖሱን ነገር ስታነሺ የእኔና የወንድሜ ነገር ትዝ አለኝ፤ እኔም እንደ አንቺ አልፌበታለሁ፣ ግን ከጽሑፌ ውስጥ ትቼው ነበር። ያዘነበለውን ግድግዳ ጽፌ የሌሊቱን መጸዳጃ በአንድ ቃል እንኳ አላነሣሁም። ለምን እንደተውኩት አሰብኩ። የናፈቀኝን ብቻ ስለመዘገብኩ ነው፤ በሥራዬ ላይ ባደርገው የምጠየቅበት ስህተት ነው።

ጥያቄዬን ላስተካክለው። ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም። ቁልፉም ውሃውም ይኑር። እነሱ ባሉበት ለእናቴ የሚሆን ደጅ ሊኖር ይችላል ወይ ነው የምለው።

ጭቃና ድንጋይ አባቴ፣ ሰላምታዎን አድርሻለሁ። «ክንዱን የሚያውቅ ግንበኛ አሁንም አለ?» ብላ ተገረመች።


በጆሮዬ የማይ፣ ግንቦት 6፣ ጠዋት 3፡00

ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን የምጽፈው በሚናገር ስልክ ነው፤ የፊደል ግድፈት ካለ ታገሡኝ።

ሁላችሁም አንድ ነገር አለፋችሁ። የእህታችን ርዕስ «ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጠች» ይላል፤ ጀርባ መስጠት መተው ነው ብላችሁ ተቀበላችሁት። እኔ ልጠይቅ፦ እናትሽ በሩን ሲከፍቱ የሳሎኑ መስኮትስ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

ክፍት ከሆነ ሐይቁን አልተዉትም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ይገባል። መስኮቱና በሩ በአንድ መስመር ከተከፈቱ ያ ነፋስ ክፍሉን አቋርጦ የሚወጣው በእናትሽ ጀርባ ላይ ነው። ሰውን በፊታቸው፣ ሐይቁን በጀርባቸው ይዘው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም። ዓይን ያለው ሰው ሐይቅን መስኮት ላይ ያለ ሥዕል አድርጎ ያስበዋል፤ ሐይቅ ግን ቅዝቃዜም፣ ሽታም፣ አቅጣጫም ነው።

እኔ ባሕር ዳርን የማውቃት በዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቀኝ ጉንጬን ከነካኝ ፊቴ ወደ ምዕራብ ነው፤ ግራ ጉንጬን ከነካኝ ወደ ምሥራቅ። በሁለት ሕንፃዎች መካከል ክፍተት ሲኖር ነፋሱ ድንገት ጠንከር ይላል፣ በዚያ መስቀለኛ መንገድ እንደደረስኩ አውቃለሁ። ከወፍጮ ቤቱ ድምፅ በኋላ የጠጅ ቤቱ ሽታ፣ ከዚያ የዘንባባዎቹ ቅጠል የሚንኳኳበት ጎዳና። እንደ እናንተ ካርታ ነው፣ ግን ሰዓት ያለው ካርታ ነው፤ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት በማዘወትረው መንገድ በሰሜን በኩል አንድ ረጅም ሕንፃ ተሠራ። የሕንፃው መስታወት ያምራል አሉኝ። እኔ ግን ነፋሴን አጣሁ። ለ15 ዓመት በምሄድበት መንገድ ላይ ቆሜ የት እንዳለሁ ሰው ጠየቅሁ። ያንን ሕንፃ የነደፈው ሰው ነፋስን በቅዝቃዜ ደረጃ ብቻ አስቦት ይሆናል፤ ለአንድ ሰው የመንገድ ምልክት መሆኑን የሚነግረው አልነበረም።


የሽምብጥ ልጅ፣ ግንቦት 6፣ ጠዋት 3፡25

መስኮቱ ክፍት ነው። ሁልጊዜ በሩን ከመክፈቷ በፊት ሄዳ የምትከፍተው እሷ ናት። እኔ ደግሞ አቧራ ይገባል እያልኩ ስዘጋባት ከረምኩ።

ወንድሜ፣ ይህን ስላሳየኸኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ቢሮ ሆኜ ነው የማነበው፤ ዓይኔ እንባ ሞልቷል።


ንድፍ አስተማሪ፣ ግንቦት 6፣ ቀን 7፡15

በጆሮዬ የማይ የነገረን ነገር ፊዚክሱም የሚመሰክርለት ነው። ቀን ላይ መሬት ከውሃ ፈጥና ትሞቃለች፤ ሞቃቱ አየር ሲነሣ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛው ይተካዋል። ሌሊት ይገለበጣል፤ መሬቷ ቀድማ ስለምትቀዘቅዝ ነፋሱ ወደ ውሃው ይሄዳል። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለሆነች የቀኑ ነፋስ ከሰሜን በኩል ይመጣል። እናትሽ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚቀመጡትም ለዚህ ይሆናል።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሌላ አገር መጽሐፍ እየገለበጥን የምንሳሳትበት ነው። በአውሮፓ የሰሜን መስኮት የቀትር ፀሐይ አያገኘውም ይባላል፤ እዚያ ትክክል ነው። እኛ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነን። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በሰሜን በኩል ናት። ዛሬ ቀትር ላይ ወጥታችሁ ጥላችሁን እዩት፤ ወደ ደቡብ ወድቋል። ስለዚህ በዚህ ወር የእህታችን የሐይቅ መስኮት ፀሐይ ያለው መስኮት ነው። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከፍ ስለምትል ትንሽ ክፈፍ ትመክታታለች። ይህችን ክፈፍ ግን ብዙ ሕንፃዎቻችን ላይ አላይም፤ ፊታቸው ልሙጥ መስታወት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ያለው ክፍል ውስጥ ከ9 ሰዓት በኋላ መቀመጥ ቅጣት ነው።

ለሦስተኛ ፎቅ፦ ስለ ፈላስፋው ያልሽው ያሳምመኛል፣ ግን ተገቢ ነው። ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል የሆነ ሰው ነው። ስለ መኖር ያስተማረው ሰው የሌሎች ቤት ሲፈርስ የት ነበር ብለን ሳንጠይቅ ቃሉን ብቻ ይዘን መሄድ አይገባንም። ከክፍል ውስጥ ይህን አልሸሽግም።


ዘዘጌ፣ ግንቦት 6፣ ማታ 3፡40

በዘጌ ዲያቆን ነኝ። ስለ ደጅ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ። ከጀልባው ወርዳችሁ በቡና ጫካ ውስጥ ትወጣላችሁ። ቅጥሩን በደጀ ሰላም ትገባላችሁ። እዚያ ጫማችሁን ባትፈቱም አካሄዳችሁ ይለወጣል። ከዚያ ክቡ ሕንፃ፤ ጫማ ይፈታል፣ እግር ወለሉን ያገኛል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመካከል መቅደስ። ዙሪያው ክብ ነው፣ መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳዎቹ በሥዕል ተሸፍነዋል። በዙሪያው ስትሄዱ መጨረሻውን አታዩትም፤ ግድግዳው ሁልጊዜ ከፊታችሁ ይታጠፋል። አንድ ጊዜ ቆሞ ሁሉን ማየት አይቻልም። መዞር ያስፈልጋል፣ ስትዞሩ ደግሞ ሥዕሉ ታሪኩን በእግራችሁ ፍጥነት ይነግራችኋል።

አስተማሪው ሁለት ዓይነት ቦታ አለ ብለዋል። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ደግሞ ሕንፃ ከደጅ በላይ ደጅ ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው አይገባም። መቅደስ የሚገባው ካህን ነው። ቅኔ ማኅሌት የሚቆም አለ፣ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር የሚቆም አለ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ተሳልሞ የሚመለስ አለ። ያ ከዛፍ ሥር የቆመው ግን አላስቀደሰም አይባልም። የቅዳሴው ዜማ እስከ እሱ ይደርሳል፣ እሱም «አሜን» ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙና እንደ ሁኔታው መቆሚያ ተሠርቶለታል።

እህታችን ሦስተኛ ፎቅ የተናገረችው ሥቃይ ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው። እሷ ያደገችበት ግቢ አንድ ደጅ ብቻ ነበረው፤ ወይ ሁሉም ያይሻል ወይ የለሽም። መካከለኛ መቆሚያ አልነበረም። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ በተቃራኒው አንድ በር ብቻ አለው፤ ወይ ዝግ ነው ወይ እናትየው እንዳደረጉት ወለል ብሎ ክፍት ነው።


ደንገል ዳር፣ ግንቦት 7፣ ጠዋት 12፡50

ታንኳ ከሚሠሩ ቤተሰብ ነኝ። አያቴም አባቴም ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠሩ ነበር። ስለ ሐይቁ ብዙ ስለተወራ ስለ ዳርቻው ልናገር።

የጣና ዳርቻ በአንድ ቦታ አይቆምም። መስከረም ላይ ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይሸሻል። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ያየሁት ጭቃ በጥቅምት ውሃ ውስጥ ነው። ደንገሉ የሚበቅለው በዚህ መካከል ነው፤ ዓሣው የሚራባው፣ ወፉ ጎጆ የሚሠራው እዚያ ነው። ልጆች ሆነን መዋኘት የተማርነው፣ እናቶቻችን ልብስ ያጠቡት፣ ሽማግሌዎች የታረቁት እዚያ ነው። የማንም አልነበረም፣ የሁሉም ነበር። አስተማሪው ደጅ ብለው የተናገሩትን ሳነብ «ዳርቻው ማለት የከተማዋ ደጅ ነው» አልኩ።

አሁን በብዙ ቦታ ግንብ ተሠርቶበታል። ግንብ ማለት ውሃው እዚህ ያበቃል ብሎ መወሰን ነው፤ ውሃው ግን ያንን አያውቀውም። አጥሩ ደግሞ ሰው እዚህ ያበቃል ይላል። ሐይቁን ቁጭ ብሎ ለማየት ለስላሳ መግዛት ያለብን ቦታ በዝቷል። ገና ክፍት የሆኑ ዳርቻዎች አሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ማታ ሄዳችሁ የሰዉን ብዛት እዩት፣ የሚገፋፋው ቦታ ስላጣ ነው። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጥበቃው ለወፉና ለደንገሉ ይገባል፤ ዳር ላይ ተቀምጦ ለሚውለው ሽማግሌም ይገባል እላለሁ።

የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፣ በወራት ውስጥ ደግሞ አዲስ ይታሰራል። አባቴ «ለዘለዓለም የሚሆን ነገር መሥራት አልተማርንም» ሲል ኀዘን አልነበረበትም። ዳርቻው እስካለ ደንገሉ ይበቅላል፣ ደንገሉ ካለ ታንኳው አለ። አሁን የሚያስፈራኝ ታንኳው ማርጀቱ አይደለም፤ የምናደርቅበት ዳር ማጣታችን ነው።


ሦስተኛ ፎቅ፣ ግንቦት 7፣ ቀን 8፡30

ዘዘጌ «መካከለኛ መቆሚያ አልነበረም» ያሉት ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነት ነው። እኔ የሸሸሁት ሰውን አልነበረም። መምረጥ አለመቻልን ነው። አሁን ሳስበው ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤቶቼን በስማቸው አላውቃቸውም። ባለፈው ዓመት በእኛ ሕንፃ አንድ ሰው አርፎ ድንኳን ሲተከል ነው ሟቹ ከእኔ በላይ እንደሚኖሩ ያወቅሁት። ለአራት ዓመት ከጣሪያዬ በላይ ይራመዱ ነበር።

የሽምብጥ ልጅ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ። እናትሽ በርጩማቸውን በራችሁ ላይ ካደረጉ ከፊት ለፊት ያለው ጎረቤት እንደ እኔ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። በሩን በከፈተ ቁጥር ይታያል፤ ክፉ ባያስቡበትም ይጨነቃል። የደረጃው መታጠፊያ ላይ ቦታ የለም? በእኛ ሕንፃ አለ፤ ሰፊ ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም፣ የማንም በር ፊት አይደለም። እዚያ አግዳሚ ቢኖር እኔ ራሴ አንዳንድ ማታ እቀመጥ ነበር። ካልፈለግሁ ደግሞ ሰላም ብዬ አልፋለሁ። እንዲህ ያለ ደጅ ቢኖረኝ አልጠላውም።


ጭቃና ድንጋይ፣ ግንቦት 7፣ ማታ 1፡05

ይህች ልጅ ግንበኛ መሆን ነበረባት። የመታጠፊያው ስፋት ስንት ነው?


የሽምብጥ ልጅ፣ ግንቦት 9፣ ማታ 2፡00

ሁለት ቀን የዘገየሁት ኮሚቴውን ሳነጋግር ነው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ያለው መታጠፊያ 2 ሜትር ከ40 ይሰፋል። ወደ ሐይቁ በኩል ክፍት መስኮት አለው፤ እስካሁን ሲጋራ ለማጨስ የሚቆሙ ወጣቶች ብቻ ነበር የሚጠቀሙበት። የሕንፃው ኮሚቴ መጀመሪያ አይሆንም አለ፤ መንገድ ይዘጋል፣ እሳት ቢነሣ፣ ዕቃ ሲወጣ ሲወርድ አሉኝ። ትክክለኛ ሥጋት ነው። በሜትር ለክቼ ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው፦ አግዳሚው 40 ሳንቲ ሜትር ቢይዝ 2 ሜትር ለመተላለፊያ ይተርፋል። ከግድግዳው ጋር ይያያዝ፣ ማንም የራሱ ዕቃ አያስቀምጥበት በሚል ፈቀዱ። አንዱ የኮሚቴ አባል ሲወጣ «እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ሄደ።

እናቴን ወስጄ ቦታውን አሳየኋት። ቆመች። እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋችና ነፋሱን ጠበቀች። ከዚያ ደረጃውን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። «ከላይ የሚወርደውንም ከታች የሚወጣውንም አገኘዋለሁ» አለችኝ። ቀጥላም አንድ ሰው የሚቀመጥበት ሳይሆን ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ይሁን አለች። ሦስተኛ ፎቅ እህቴ፣ ስለ አንቺ ነግሬያታለሁ። ማታ ስታልፊ ሰላም ብለሽ ብቻ ብትሄጂ እንደማይከፋት ንገሪያት ብላኛለች፤ የእኛ ሕንፃ ባይሆንም።

ጭቃና ድንጋይ አባቴ፣ አናጢ አግኝቻለሁ። ቁመቱን ስንት ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ፤ 45 ሳንቲ ሜትር የተለመደ ነው ይላል።


ጭቃና ድንጋይ፣ ግንቦት 9፣ ማታ 2፡35

ቆይ፣ አታስቆርጪው። የተለመደው ለማን ነው የተለመደው? እናትሽን በርጩማቸው ላይ አስቀምጫቸው፤ ተረከዛቸው ወለሉን ይንካ። ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ በራሳቸው ስንዝር ይለኩልሽ። እንጨቱ ከዚያ አንድ ጣት ዝቅ ይበል። ረጅም ሰው ዝቅ ካለ መቀመጫ ይነሣል፣ አጭር ሰው ግን ከፍ ያለ ላይ እግሩ ሲንጠለጠል ይደነዝዛል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በትልቅ ብሎን ብቻ እንዳይተማመን ለአናጢው ንገሪው፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ ይረፉ፣ ብሎኑ እንዳይነቃነቅ ብቻ ይያዝ።


የሽምብጥ ልጅ፣ ግንቦት 9፣ ማታ 3፡10

ለካች። ሁለት ስንዝር ሊሞላ አንድ ጣት ይቀረዋል። ሁለት ጊዜ ደግማ ለካችው፤ ከዚያ «የአባትሽን መደብም እንዲሁ ነበር የለካነው» አለች። አናጢው ነገ ጠዋት ይመጣል።